ስኮፕ ቤዝና ሪሲቨር በኮንትራት ማሠራት፦ ከፈቃዱ እስከ ርክክቡ

አሜሪካ ውስጥ ትንሽ የጠመንጃ ዕቃ ብራንድ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱ ማሽን የለውም። ንድፉን ራሱ ይሠራል፤ ፍሬዛውንና ቶርኖውን (የብረት ቆረጣውን) ለአንድ ሾፕ፣ ልባሱን (የላይኛውን ሽፋን) ለሌላ ሾፕ ይሰጣል። እኔም የምሠራው እንደዚሁ ነው። ዋናው ዕቃዬ የስኮፕ ቤዝ፣ ማለትም የማነጣጠሪያው መነጽር ጠመንጃው ላይ የሚቀመጥበት መደብ ነው፤ ከእሱ ሌላ ተከታታይ ቁጥር የሚቀረጽበትን ሪሲቨር፣ ማለትም የመተኮሻው ክፍሎች የሚገቡበትን የጠመንጃ ዋና አካል አሠራለሁ። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት አልሙኒየም፣ በአንድ ማሽን ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ወረቀታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም፤ ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት የማጣራው ዕቃው የትኛው ወገን እንደሚወድቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት ፍሬሙ ወይም ሪሲቨሩ ብቻውን እንደ ሙሉ ጦር መሣሪያ ይቆጠራል። ተራ በርሜል፣ ሰደፍና ስኮፕ ቤዝ አይቆጠሩም፤ ኤፍኤፍኤል (የፌደራል የጦር መሣሪያ ፈቃድ) የሌለው ሾፕም ሊሠራቸው ይችላል። የድምፅ ማፈኛና የአውቶማቲክ መተኮሻ ክፍሎች የተለየ ቁጥጥር ስላለባቸው ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ናቸው። ሪሲቨር የሚሠራው ሾፕ የአምራች ፈቃድ፣ ማለትም ዓይነት 07 ኤፍኤፍኤል ሊኖረው ይገባል፤ የማመልከቻው ክፍያ ለ3 ዓመት 150 ዶላር ነው።

«ፈቃድ አለን» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቼ አላልፍም። የፈቃዱን ቅጂ አስልኬ የቁጥሩን የመጀመሪያ 3 እና የመጨረሻ 5 አሃዞች የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌደራል መሥሪያ ቤት ኤቲኤፍ ባለው የፈቃድ ማጣሪያ ድረ ገጽ፣ ኢዚ ቼክ ላይ አስገባለሁ፤ የሚወጣው ስምና አድራሻ ከቅጂው ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አድራሻውን ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ግቢ ነው። ሁለት ሕንፃ ያለው ሾፕ ፈቃዱን በአንዱ አውጥቶ ትልቁን ፍሬዛ በሌላው ካቆመ፣ ሪሲቨሩ እዚያ ሲቆረጥ ፈቃድ በሌለው ቦታ ተመረተ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ የቆመበትን አድራሻ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

በግማሽ የተሠራ ዕቃም መሸሸጊያ አይሆንም። ከነሐሴ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸናው የኤቲኤፍ ደንብ በቀላሉ ሊጠናቀቅ የሚችለውን ያልተጨረሰ ፍሬምና ሪሲቨር ይጨምራል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ደንቡን አጽንቶታል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኤቲኤፍ ውሳኔ ደግሞ ሾፖች ፈቃድ የሌለውን ደንበኛ በራሳቸው ማሽን ላይ አስቁመው «ቁልፉን አንተ ተጫነው» በማለት ከኃላፊነት ማምለጥ እንደማይችሉ ግልጽ አድርጓል። ይህን የሚያቀርብላችሁ ሾፕ ካጋጠማችሁ ሌላውንም ሥራ አትስጡት።

ቀጥሎ የማን ስም እንደሚቀረጽ ነው። ሁለቱም ወገኖች 07 ካላቸው የአምራቹ ስም፣ ከተማና ግዛት፣ ተከታታይ ቁጥሩም የማን እንደሚሆን ኮንትራቱ ላይ ይሰፍራል። ከመደበኛው የወጣ አሠራር ካስፈለገ በቅጽ 3311.4 ለኤቲኤፍ ማመልከቻ ይቀርባል፤ መልሱ ሳይመጣ ማሽን አይነሳም። የቅርጹ ጥልቀት ቢያንስ 0.003 ኢንች፣ የተከታታይ ቁጥሩ ቁመት ቢያንስ 1/16 ኢንች ነው። ጥልቀቱ የሚለካው ከብረቱ ጠፍጣፋ ገጽ እንጂ ሌዘሩ ዳር ላይ ከሚተወው ከንፈር አይደለም። አንድ ዙር ብቻ የሄደ ሌዘር ጥቁሩ ደምቆ ስለሚታይ ዓይን ያታልላል፤ ጥልቀት መለኪያ ሲገባ ግን 0.001 ሆኖ ይገኛል። ልባስ ከገባ በኋላ ማስተካከል ሌላ ወጪ ስለሆነ ይህን የማስለካው ዕቃው ወደ ልባስ ከመሄዱ በፊት ነው። ምርቱ ካለቀ በኋላ ቅርጹም መዝገቡም በ7 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ዓመታዊው የምርት ሪፖርት ደግሞ እስከ ኤፕሪል 1 ይገባል።

ሙሉ ጠመንጃ የሚያሠራ ሰው ግብሩን አስቀድሞ ያስላ። የፌደራል ኤክሳይዝ በሽጉጥና በሪቮልቨር ላይ 10 በመቶ፣ በሌሎቹ ላይ 11 በመቶ ነው፤ በዓመት ከ50 በታች የሚያመርት ነፃ ነው። ከፋዩን የሚወስነው ማሽኑን ያንቀሳቀሰው እጅ ብቻ አይደለም። ጥሬ ዕቃውን እኔ አቅርቤ የጥሬ ዕቃውም ሆነ ያለቀው ዕቃ ባለቤትነት በእኔ እጅ ከቆየ፣ ለግብሩ አምራች የምባለው እኔ ነኝ። ብረቱን ሾፑ ገዝቶ ያለቀውን ከሸጠልኝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮንትራቱ ውስጥ «ጥሬ ዕቃ በደንበኛው» የምትል አንዲት ሐረግ የግብሩን ዕዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ሾፖችም የሒሳብ ሠራተኛቸው እስኪነግራቸው ድረስ ልብ አይሏትም።

የእኛን ሰው በተለይ የሚነካው የሥዕሉ ጉዳይ ነው። ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አብዛኛው አውቶማቲክ ያልሆነ ጠመንጃና ክፍሎቹ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ወጥተው ወደ ንግድ መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር፣ 0ኤ501 ወደሚባለው ምድብ ገብተዋል። ቁጥጥሩ ቤቱን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የሪሲቨር፣ የበርሜል ወይም የቦልት ማምረቻ ሥዕል አዲስ አበባ ላለ ጎበዝ የካድ (በኮምፒውተር ንድፍ የሚሠራ) ባለሙያ በቴሌግራም መላክ ወደ ውጭ መላክ ነው፤ ርካሽ ዋጋ ፍለጋ ለቻይና ሾፕ መስደድም እንዲሁ። ሰውየው አሜሪካ ውስጥ ቢሆን እንኳ በተማሪ ቪዛ ወይም በኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ካለ፣ ሥዕሉን ማሳየት ወደ አገሩ እንደ መላክ ሊቆጠር ይችላል። ዜጋ፣ በዲቪ የገባውን ጨምሮ ግሪን ካርድ ያለው፣ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው። እኔ የቤዙንና የሪሲቨሩን ሥዕል በተለያየ ፎልደር ነው የማስቀምጠው፤ ዋጋ የምጠይቀውም በተለያየ ኢሜይል ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። የምልከው አንድ ስቴፕ ፋይል (የዕቃው ባለ ሦስት ገጽታ የኮምፒውተር ሞዴል) እና አንድ የፒዲኤፍ ድሮዊንግ ነው፤ ድሮዊንጉ ላይ «ልዩነት ቢኖር የሚጸናው ይህ ወረቀት ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ፕሮግራመሩ መንገዱን የሚያወጣው ከስቴፑ ነው፤ ቶለራንስ (የሚፈቀደው የመጠን ልዩነት) እና የብሎን ጥርስ መጠን ያለው ግን ወረቀቱ ላይ ነው። የሁለቱ የሪቪዥን (የእትም) ፊደል ካልተመሳሰለ ሾፑ ያለፈውን ዙር ቤዝ አሳምሮ ሠርቶ ያስረክባችኋል። ድሮዊንጉን አይቶ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚልክ ሾፕ ደስ አይለኝም። ቢያንስ «ይህ መጠን ከልባስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የብዙ ዙር ዕቃ የሚበላሸው እዚችው ጥያቄ ላይ ነው። ዓይነት 3 ጠንካራ አኖዳይዝ (በኤሌክትሪክ በአልሙኒየም ላይ የሚሠራ ልባስ) በተለምዶ 0.002 ኢንች ውፍረት አለው፤ ግማሹ ወደ ብረቱ ይሰርጋል፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያድጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ 0.001 ይጨምራል፤ ሁለት ግድግዳ ያለው ነገር ሁሉ፣ ቀዳዳም ሆነ ቦይ፣ በ0.002 ይጠባል። በአሜሪካ የጦር ኃይል መለኪያ፣ ሚል-ስታንዳርድ 1913፣ መሠረት የፒካቲኒ ሬል (ቀለበቶች የሚታሰሩበት ባለ ቦይ ሐዲድ) ቦይ ስፋት 0.206 ኢንች ነው፤ ይህ መጠን ከልባስ በኋላ እንዲገኝ ፍሬዛው 0.208 መቁረጥ አለበት። ጥርስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ባለ 60 ዲግሪ ጥርስ ጎኑ ያዘመመ ስለሆነ የፒች ዲያሜትሩ (በጥርሱ መካከለኛ ቁመት ላይ የሚለካው ስፋት) በእድገቱ 4 እጥፍ፣ ማለትም በ0.004 ኢንች ይጠባል። ስኮፑን የሚያቅፈው ቀለበት መክደኛ ብሎን የሚገባበት 8-32 የሚባለው ጥርስ በ2ቢ (የተለመደ የግጥመት) ደረጃ ያለው ጠቅላላ ቶለራንስ 0.0038 ብቻ ነው። ማለት ልባሱ ቶለራንሱን በሙሉ ይውጠዋል፤ ከማሽን ሲወጣ ጌጁን በትክክል ያለፈ ቤዝ ከልባስ ቤት ሲመለስ ብሎን አያስገባም። የማሽን ሾፑ «ለክተን ነው የላክነው» ይላል፣ የልባስ ቤቱ «ውፍረቱ በስፔኩ ልክ ነው» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ወይ ጥርሱን በጎማ ውሻል ማስደፈን፣ ወይ ሰፋ ባለ ታፕ ማስወጣት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ውሻሉ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የእጅ ሥራ ስለሚጨምር ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል።

ለልባስ ቤቱ የሚጻፈውም «ጥቁር አኖዳይዝ» ብቻ ከሆነ ደካማ ትእዛዝ ነው። እኔ የምጽፈው ሚል-8625 (የአኖዳይዝ መለኪያው) ዓይነት 3፣ ክላስ 2 (ቀለም የተነከረ)፣ ጥቁር፣ የሚደፈኑት ቀዳዳዎች ቁጥር፣ የመስቀያው ሽቦ የሚነካበት ቦታ የሚል ነው። ሽቦው የነካበት ነጥብ ቀለም አይይዝም፤ ቦታውን ካልነገራችኋቸው ለእነሱ የሚመቸው የላይኛው ገጽ ነው። 6061ና 7075 አልሙኒየም በአንድ ገንዳ ተነክረው አንድ ዓይነት ጥቁር አይወጡም፤ ቤዙ ከ7075፣ መክደኛው ከ6061 ከሆነ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ልዩነቱ በፀሐይ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ ሁለቱንም ከአንድ ቅይጥ አሠርቼ በአንድ ዙር አስነክራለሁ። ሪሲቨር ወደ ልባስ ቤት ሲሄድ ደግሞ ቤቱ ራሱ ኤፍኤፍኤል ይኑረው፤ ዕቃው እዚያ አድሮ ነው የሚመለሰው።

ቤዙ ባለ 20 ሞኤ (አንድ ሞኤ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው) ከሆነ ከፊት ወደ ኋላ ከፍ ይላል፤ በ100 ሚሊሜትር ርዝመት ልዩነቱ 0.58 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዓይን አይታይም። ኦፕሬተሩ ዕቃውን ሞርሳ (ማሰሪያ መንጋጋ) ላይ አዙሮ ካሰረው ዙሩ በሙሉ የኋላው ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ መጠኑ ሁሉ ልክ ስለሆነ ካሊፐር አያገኘውም፤ የሚታወቀው ተኳሹ የስኮፑን ማስተካከያ እስከ ዳር አዙሮ ሲያልቅበት ነው። ድሮዊንጉ ላይ የአፈሙዙን አቅጣጫ በቀስት አሳያለሁ፤ ከታችኛው ገጽ ላይም ኦፕሬተሩ ሊስተው የማይችል ትንሽ ጉድጓድ በአንድ ጫፍ አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው ቁራጭ ከማሽን እንደወጣ ሌላው ይቆማል። እያንዳንዱ መጠን ቁጥር ተሰጥቶት፣ የተለካው ከጎኑ ተጽፎ፣ ከብረቱ ሰርተፍኬት ጋር ይመጣልኛል። እኔም ቤዙን ሪሲቨር ላይ በሰማያዊ የመፈተሻ ቀለም አስቀምጬ የት እንደሚነካ አያለሁ፤ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ከተቀቡ ሆዱ ተነሥቷል፣ 6-48 ብሎኖቹ ሲጠብቁ ቤዙን ያጎብጡታል። ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በሞርሳ አጥብቆ አስሮ የታችኛውን ገጽ መቁረጥ ነው፤ ብረቱ ሲፈታ ይመለሳል። የመጨረሻውን ዙር ላላ አድርጎ አስሮ መቁረጥ ያስተካክለዋል።

ስለ ዋጋ ብዙ የሚባል የለም። ማዘጋጃው 1,200 ዶላር፣ ቁራጩ 14 ዶላር ቢሆን፣ 50 ሲታዘዝ አንዱ 38 ይወድቃል፣ 500 ሲታዘዝ 16.40። ልዩነቱ ያጓጓል፤ ቢሆንም ለአዲስ ዕቃ 100 አዝዤ 26 ዶላር መክፈል ይሻለኛል፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሪቪዥን የሚጣለው ያንሳል። የልባስ ቤት ዝቅተኛ ክፍያ ስላለው ግን ከዚያ በታች መውረድ አያዋጣም።

ትርፍና ውዳቂ ለብቻው ይጻፍ። ብዙ ሾፖች ከታዘዘው እስከ 10 በመቶ ጨምረው ወይም ቀንሰው ማስረከብን እንደ ልማድ ያዩታል። ለቤዝ እቀበላለሁ፤ ትርፉን ወይ እገዛለሁ ወይ ብራንዴ ያለበት ዕቃ ገበያ እንዳይወጣ ተቆርጦ እንዲጣል እጠይቃለሁ። ለሪሲቨር ግን «በግምት» የሚባል ነገር የለም። የገባው ጥሬ ዕቃ፣ ያለቀው፣ የተበላሸው ተደምሮ እኩል መምጣት አለበት፤ የተበላሸውም በቆሻሻ ብረት ሳጥን ውስጥ በሙሉ አካሉ አይወረወርም፣ በኤቲኤፍ መመሪያ መሠረት በጋዝ ነበልባል ተቆራርጦ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ቁርጥራጩን ፎቶ አስነስቼ፣ ከመዝገቡ መስመር ጋር አስተያይቼ፣ የመጨረሻውን ክፍያ የምለቀው ከዚያ በኋላ ነው።