45 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮና የተሳሳተው ሒሳቤ

እዚህ ለንደን የተሞሸረችውን የአክስቴን ልጅ ሰርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው ኤዲተር ቪዲዮውን ሲጠይቀኝ «አርባ ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት። 45 ጊጋባይት ነው፣ የቤቴ ፋይበር ደግሞ 160 ሜጋ ቢት በሰከንድ፤ ሒሳቡ ልክ ነበር። አፕሎዱን ስጀምር ግን ኮምፒውተሩ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀራል አለኝ።

ዋይፋዩን ጠረጠርኩ። ራውተሩን ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ በኬብል አገናኘሁት፤ ያው ነው። በዚህ መሃል ባለቤቴ ጎንደር ካሉት እናቷ ጋር በቪዲዮ እያወራች «እማዬ፣ ተቆራረጥሽብኝ!» ትላለች። ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ነህ አይደል?»

እኔው ነበርኩ። ዳታ ለመቀበል እንኳ ከኛ በኩል «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልስ መሄድ አለበት። የሷ መልስም ምስልም ራውተሩ ውስጥ ከኔ ፋይል ኋላ ተሰልፎ ነበር።

ውሉን ሳወጣው 160 ማውረጃው ብቻ ነው፤ መጫኛው (ከቤት ወደ ውጭ መላኪያው) 30 ነው ይላል፣ በደቃቅ ፊደል።

ለምን? ብርሃን በፋይበሩ ውስጥ ወዲያም ወዲህም እኩል ይሮጣል። ነገር ግን ብዙ ቤት የገባው ጂፖን የሚባለው ቴክኖሎጂ አንዱን መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያከፋፍላል። የዕድር ስብሰባ በሉት፦ ሊቀመንበሩ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ አባላቱ ግን ተራ ካልጠበቁ ይደበላለቃል። የየቤቱ ሳጥንም ተራው ሲሰጠው ብቻ ነው ብርሃን የሚልከው። መስመሩ በጋራ ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ቤቶቹ፣ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ፣ ወደ ላይ 1.25 አለው።

ይህ ግን እጥፍ ነው፤ የኔ ውል ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። የቀረውን ልዩነት ያመጣው ሻጩ ነው። አብዛኛው ቤት ከሚልከው ይልቅ የሚያወርደው ስለሚበዛ አቅሙን እንደዚያ ይከፋፍሉታል፤ ብዙ መላክ የፈለገ ይጨምር ነው ነገሩ። ኤክስጂኤስ-ፖን የተባለው አዲሱ ዘዴ በሁለቱም በኩል 10 ጊጋ ነው፤ እሱ በገባበት ሰፈር «ቴክኖሎጂው አይፈቅድም» ቢሉኝ አልሰማም።

ያን ማታ ያዳነኝ ቀላል ነገር ነው፦ ለጥሪው ቦታ እንዲተርፍ የመላኪያውን ፕሮግራም ፍጥነት ከ30ው በታች፣ 22 ሜጋ ቢት ላይ ገደብኩት። የቪዲዮ ጥሪው ወዲያው ተስተካከለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የጀመርኩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ አለቀ። አሁን ፓኬጅ ስጠይቅ መጀመሪያ የመጫኛውን ቁጥር ነው የምጠይቀው።

ጠዋት ኤዲተሩ አንድ መስመር ጽፎ ጠበቀኝ፦ «የድምፁ ፋይልስ?»