የካቴና ቅባት

ዛሬ ከሰዓት በኋላውን ባሕር ዳር በሚገኘው ግቢያችን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር የብስክሌቶቻችንን ካቴና በማጽዳት አሳለፍን። ክረምቱ የለጠፈበትን ጭቃ በጨርቅ ከጠረግን በኋላ፣ ነጭ ጋዝ በነከርነው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስንፈትገው የወጣው ጥቁር ዝቃጭ በጣት ሲታሽ እንደ አሸዋ ይሻክር ነበር፤ ካቴናን የሚበላው ይኸው ከዘይት ጋር የተለወሰ አቧራ ነው። ብዙዎቻችን ከጋራዥ ለምነን የምንቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የብረት ብናኝ ስለያዘና አቧራ ስለሚሰበስብ፣ በነጻ ቢገኝም፣ በእኔ እምነት ጨርሶ ባይቀባ ይሻላል። ካቴናው በደንብ ከደረቀ በኋላ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞርን በየማያያዣው ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አደረግን፤ ቅባቱ የሚፈለገው በውስጥ በኩል ስለሆነም ከላይ የተረፈውን ጠረግነው (ልጁ ማብረቅረቁን ወዶት ስለነበር ቅር አለው)። መበላቱን ለማወቅ ደግሞ የአናጺ ሜትር ይበቃል፦ በአዲስ ካቴና ላይ 24 ማያያዣዎች 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ 307 ከደረሱ ግን ካቴናው የሚዞርባቸውን የማርሽ ጥርሶችም ይዞ መበላሸት ስለሚጀምር መቀየር አለበት። የእኔ ገና 306 ነው፤ የልጁ 308 ስላለፈ አዲስ እንዲገዙለት ለእናቱ ነግሬያቸዋለሁ።