ሰመር አጭር፣ ዊንተር ሆዳም

ጓሮ አትክልት አለን ስንል ሰው ቶሎ የሚታየው ሰላጣ ነው፣ ጠዋት ወጣ ብሎ ቲማቲም ቀንጥሶ መመለስ ምናምን። እኛ ጋ፣ ሰሜኑ ብርድ አገር፣ ውርጭ የማይነካው ጊዜ ከጁን መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ቢሆን ነው፣ ከዛ መሬቱ ይዘጋል። ስለዚህ እኔና ባሌ ዘር ስንመርጥ ከጣዕሙ በፊት የምንጠያየቀው "እስከ ፌብሩዋሪ ይቆያል ወይ?" እያልን ነው፣ የምንጣላውም እዚችው ላይ ነው።

እሱ የቲማቲም ሰው ነው። ውጪው ገና በረዶ ሆኖ ቤት ውስጥ መብራት ሰቅሎ ትሪ ደርድሮ ችግኝ ያፈላል፣ ቲማቲም የመጨረሻው ውርጭ ከማለፉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ካልተዘራ እዚህ ፍሬው ሳይቀላ ብርዱ ይደርስበታላ። ከዛ ደግሞ ማለማመድ አለ፣ አንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ሰዓቱን እየጨመሩ ውጪ ማቆየት ማታ ማስገባት፣ ኧረ ስንቱ። እኔ የካሮትና የጥቅል ጎመን ሰው ነኝ። ካሮት ቀጥታ መሬት ላይ ይዘራል፣ ትንሽ ውርጭ ሲነካው ጭራሽ ይጣፍጣል፣ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይረዋል። እስቲ ከሁለቱ የቱ ነው ለዚህ አገር የተፈጠረው?

ብርዱን ሁሉም ያወራል፣ ብርሃኑን ግን የሚያስብ የለም። 60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ጁን ላይ ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ ነው፣ ጎመን በዚህ ብርሃን እያያችሁት ያድጋል፣ ስፒናች ግን ቀኑ ሲረዝምበት ቶሎ ያብብና በቃ አይበላም፣ እሱን ወይ ቀደም ብሎ ወይ ኦገስት ላይ መዝራት ነው። ቀይ ሽንኩርትም የረጅም ቀን ዝርያ መሆን አለበት፣ የአጭር ቀኑ ገና ቅጠሉ ሳይጠና ራስ መቋጠር ይጀምርና ሚጢጢ ሆኖ ይቀራል።

ሴፕቴምበር ላይ ስራው ወደ ኪችን ይገባል። የኔ ደስታ ጎመኑ ነው። በቀጭኑ ከትፈን እንመዝናለን፣ ለ1 ኪሎ 20 ግራም ጨው፣ ከዛ በእጅ ማሸት። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ እጅ ላይ ይደርቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለሰልስና ውሃውን ይለቃል፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት እኮ ነው። ጃር ውስጥ እስኪጠቀጠቅ በቡጢ እንጫነውና ከላይ ክብደት እናደርግበታለን፣ ጎመኑ ከራሱ ውሃ በታች መዋል አለበት፣ ሻጋታ የሚጀምረው ሁሌ ላይ ላይ ከቀረችው ቅጠል ነው። 20 ዲግሪ አካባቢ ከተቀመጠ በቀናት ውስጥ አረፋ ማውጣት ይጀምራል፣ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ እየቀየሩት ነው ማለት ነው፣ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ኮምጠጥ ይልና ወደ ብርድ ይወርዳል።

ፎሶሊያን ግን በፈላ ውሃ ብቻ ቀቅሎ ጃር ውስጥ ማሸግ ቀልድ አይደለም። አሲድ የለውም፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖሩ (ሙቀት የሚችለው ዘሩ በሉት) በ100 ዲግሪ አይሞትም፣ ከ116 ዲግሪ በላይ የሚያደርስ የፕሬዠር ማሸጊያ፣ ማለትም እንፋሎቱን አፍኖ የሚያሞቅ ድስት፣ ይፈልጋል። እኛ እሱ ስለሌለን 3 ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ፣ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ፣ አድርቀን ፍሪዘር። ቲማቲም ራሱ አሲዱ ድንበሩ ላይ ነው ያለው፣ ለአንድ ሊትር ገደማ ጃር 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እንጨምርበታለን፣ ያውም የታሸገውን፣ የትኩስ ሎሚ አሲድ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል። ባሌ "ጣዕሙን ያበላሽብኛል" ብሎ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

ምድር ቤቱ የኔ ግዛት ነው። ካሮቱ ሳይታጠብ ቅጠሉ ተቆርጦ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይደረደራል፣ ለዜሮ የቀረበ ብርድ ነው የሚወደው። ፖም አጠገቡ ድርሽ አይልም፣ የሚያወጣው ኤትሊን ጋዝ ካሮትን መራራ ያደርገዋል። ድንች ብርሃን ካየ ይመርዛል፣ አረንጓዴ ሲሆን አይታችሁታል መቼም፣ በጣም ከበረደው ደግሞ ይጣፍጥና ሲጠበስ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ሞቅ ያለችው ጥግ የሱ ናት። ዱባና ሽንኩርት እርጥበት ስለማይወዱ ከኛ ጋር ፎቅ ነው የሚያድሩት።

ለእውነቱ ቲማቲሙም ዝም ብሎ አይሸነፍም። ውርጭ ሊመጣ ሲል ባሌ አረንጓዴውን ለቅሞ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ይደረድረዋል፣ ቀስ እያለ ይቀላል፣ እኔም ቀድሜ የምበላው እኔው ነኝ። አሁን ደግሞ ለመጪው ሰመር ፀሐይ በደንብ የምታገኘዋን መደብ ለቲማቲም ስጪኝ እያለኝ ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን መሬቱ ሳይጠጥር ኦክቶበር ላይ ነው የሚተከለው፣ ብርዱን ካላገኘ ራሱ በደንብ አይከፋፈልም፣ የሚነሳውም ጁላይ መጨረሻ ነው። መደቧ ተይዛለች፣ ገለባም አልብሻታለሁ። ገና አልነገርኩትም።