ኪሳራ ላሳውጅ ብዬ ተነሳሁ

ጣና ዳር ዓሣ ቤት ነበረኝ። ኮሮና መጥቶ እንግዳ ጠፋ፤ እሱ አለፈ ስል ጦርነት ተከተለ። ቆሮሶ የምጠብስበት ትልቁ ድስት ሳምንቱን ሙሉ ተደፍቶ የሚውልበት ጊዜ ነበር። ኪራይና የባንክ ወለድ ግን እረፍት አያውቁም።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ «ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ ብዬ ፍርድ ቤት ኪሳራ አሳውጄ ለምን አልገላገልም?» አልኩ። ፊልም ላይ ነው ያየሁት፤ ሰውየው ይፈርምና ኮቱን ደርቦ ይሄዳል።

ሽምብጥ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። «ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው?» አሉኝ። በኔ። «እንግዲያው መጠየቅ ትችላለህ። ኪሳራ በኛ ሕግ ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ደሞዝተኛ ብትሆን ይሄን ወሬ እዚሁ እናቆመው ነበር።» አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ከኪሳራ በፊት ንግዱን መልሶ የማደራጀት መንገድም አለው። «እስቲ መጀመሪያ ዕዳህን ጽፈህ አምጣ።»

በትዕዛዝ መቀበያ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የባንክ ብድር 340 ሺህ ብር፤ መያዣው ቤቴ፣ ዋሱ የእህቴ ባል። ቀድሜ የበላሁት እቁብ። የአስጋሪዎቹ ዱቤ 18 ሺህ። የሦስት ወር ኪራይ።

ጋሼ እስክሪብቶ ይዘው አንድ በአንድ ወረዱበት። ባንኩ መያዣ ስላለው ከቤቱ ሽያጭ ቀዳሚው እሱ ነው። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የጎደለውን ከዋሱ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ላብ አጠመቀኝ። የእህቴ ባል አስተማሪ ነው፤ እኔ ከስሬ ከሱ ደሞዝ ሊቆረጥ! እቁቡንማ ጋሼም ሳቁበት። የእቁቡ ዳኛ እዝን ላይ እንኳ ቢያገኘኝ አይለቀኝም።

ለአከራዩ ቼክ ልጽፍለት አስቤ እንደነበር ስነግራቸው እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖርህ? እሱ ዕዳ አይደለም፣ እስር ቤት ነው።»

ኪሳራ ሊያቀልልኝ የሚችለው የአስጋሪዎቹንና የአከራዩን ብቻ ሆኖ ተገኘ። አስጋሪዎቹን ደግሞ ልጆቻቸውን ጭምር አውቃቸዋለሁ።

ተውኩት። ብድሩ 90 ቀን አልፎት የተበላሸ ብድር ተብሎ ሳይመዘገብ፣ ሳልጠራ ባንኩ ሄጄ ማራዘሚያ ጠየቅኩ። የስድስት ወር የሽያጭ ደብተሬን ይዤ ነበር፤ ባዶ እጄን ብሄድ የሚሰሙኝ አይመስለኝም። ባጃጄን ሸጬ አስጋሪዎቹንና አከራዩን ከፈልኩ። ከጣና ዳር ለቅቄ ገበያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። አሁን ቆሮሶው የሚጠበሰው በትንሹ ድስት ነው። የእህቴ ባል እስከ ዛሬ ምንም አያውቅም፤ ይሄን ካነበበ ግን አወቀ። እቁቡ ሰባት ዕጣ ይቀረዋል።