ብሎን የማይነክስ የጌም ካሴት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የድሮ የጌም ካሴት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ሥዕሉን ሳይሆን ጀርባውን ነው። ብሎኖቹ አሉ? ካሉስ ይነክሳሉ? ብዙዎቹ አይነክሱም። ዓመታት ሙሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ ኖረዋል። አንዱ ፒኑን በአልኮል ሊጠርግ ከፍቷቸዋል፣ ሌላው ባትሪ ሊቀይር። የጠፋውን ብሎን በወፍራም ብሎን የተካም አለ። ፕላስቲኩ ደግሞ እንደተሠራ ጥርስ የለውም። ጥርሱን የሚቆርጥለት ብሎኑ ራሱ ነው። በተከፈተ ቁጥር አዲስ መንገድ ሲቆረጥበት ውስጡ ይፈረፈርና ብሎኑ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ድሬዳዋ ቤቴ ቁጭ ብዬ እነዚህን ቀዳዳዎች ማዳን ተያይዣለሁ። ለምትሞክሩት ይጠቅማል ብዬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መክፈቻው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሱፐር ኒንቴንዶ፣ የኤን64 እና የጌም ቦይ ካሴቶች ተራ ካቻቢቴ አይገባባቸውም፤ ለእነሱ ብሎን የተሠራ ልዩ መክፈቻ፣ 3.8 ሚሊሜትር ጌምቢት፣ ይፈልጋሉ። ኤንኢኤስ በሚባለው የመጀመሪያው ኒንቴንዶ ላይ ቀደምቶቹ ካሴቶች አምስት ተራ ብሎን ነበራቸው፤ በኋላ ወደ ሦስት ወርዶ ጌምቢት ሆነ። መክፈቻውን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ዞሬ ስላጣሁት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስመጣሁ። የቢክ እስክሪፕቶ ቀፎ ጫፉን በእሳት አለስልሰው፣ ብሎኑ ላይ ተጭነው መክፈቻ የሚያደርጉ አሉ። ይሠራል። ብሎኑ ጠብቆ የታሰረ ከሆነ ግን እስክሪፕቶው ቀድሞ ይሸነፋል። እኔ ጋ የሚበዙት ባለ 60 ፒን የፋሚኮም (የጃፓኑ ኤንኢኤስ) ቅጂዎች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፤ ወይ በመስቀለኛ ካቻቢቴ ይከፈታሉ ወይ ብሎን ጭራሽ የላቸውም።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ከሁሉ በፊት በእውነት መሞቱን አረጋግጡ። ብሎኑን አስገቡና ወደ ግራ፣ እንደምትፈቱት ሆናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ዝቅ ይላል። ጣታችሁ ይሰማዋል። የድሮው ጥርስ አፍ እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ በራሱ መንገድ ይገባል። ሞቷል ተብሎ የመጣልኝ ስንት ካሴት በዚህ ብቻ ድኗል! ብሎን ስትመልሱ ሁልጊዜ እንዲህ ብትጀምሩ አዲስ ጥርስ አይቆረጥም፣ ቀዳዳውም ዕድሜ ያገኛል። በኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ማሰር ግን በጭራሽ። ሁለት ጣት ይበቃል።

ይህ ካልሠራ የቀዳዳውን ጥልቀት በስቴኪኒ ለኩ። ከሥር ብሎን ያልነካው ፕላስቲክ ከቀረ፣ ውፍረቱ ያው ሆኖ ትንሽ ረዘም ያለ ብሎን ሊነክስ ይችላል። መጀመሪያ ግን ርዝመቱን ከውጭ አስተያዩት፤ በፊት ለፊት በኩል ከወጣ ካሴቱን አበላሻችሁት ማለት ነው።

ሞባይል የሚጠግን ወዳጄ ይሄን ሁሉ ሲያይ «አቦ፣ ምን ያደክምሃል! ሱፐር ግሉ ጠብ፣ ሶዳ ነስነስ፣ አለቀ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ሱፐር ግሉን በሰከንዶች ውስጥ ያደርቀዋል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፣ እንዳታምታቱት። እኔ የማልወደው ጥንካሬውን ነው። ከዙሪያው ፕላስቲክ በጣም ስለሚጠጥር ስትሰረስሩት ፑንታው ወደ ለስላሳው ግድግዳ ይሸሻል፣ ቀዳዳው ይጣመማል። ብሎን ሲገባበትም መሰንጠቅ ይወዳል። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጭሱም ነጭ ብናኝ ይተዋል። ስለዚህ ውስጡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሳታወጡ አትንኩት። ዳግም ላልከፍተው ካሴት ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ልቤ ያረፈው በሌላው መንገድ ነው፦ ቀዳዳውን በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ መሙላት። አብዛኞቹ ካሴቶች ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ናቸው፤ ኤቢኤስ ደግሞ በአሴቶን ይሟሟል። አሴቶን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያነት ይሸጣል፤ ግን አሴቶን የሌለበትም ስላለ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ካሴቱ ውስጥ በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና ንኩት። ከተጣበቀ ይሆናል። ምንም ካልመሰለው ይህ ዘዴ አይሠራም።

የሞተ ካሴት ወይም የተሰበረ ኪቦርድ ቀፎ፣ እሱም ኤቢኤስ ከሆነ፣ በምላጭ ፍቄ ክዳኑ ብረት የሆነ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እጨምራለሁ። አሴቶኑ ፍቅፋቂውን እንዲሸፍነው ብቻ ነው የማፈስበት። ሲያድር እንደ ማር ይወፍራል። በስቴኪኒ ጫፍ እያነሳሁ ከቀዳዳው ሥር ጀምሬ በስሱ እቀባለሁ፤ አንዱ ሳይጠነክር ሌላው አይደረብም። አንዴ ሞልቶ መሄድ ያምራል፣ ግን ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።

የድሬ ሙቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሴቶን በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ በእኛ ቀትር ገና ከብልቃጡ ሲወጣ ይተናል። ከመድረቁ ብዛት ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ከሥሩም አረፋ ይቋጥራል። ስለዚህ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ነው የምሠራው። የሞላሁትን በኩባያ እሸፍነዋለሁ፣ ትነቱ እንዲዘገይ። ሁለት ቀን ሙሉ አልነካውም። መስኮት ይከፈት። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየነደደ አይሠራም። የካሴቱ ሥዕል ላይም እንዳይንጠባጠብ፤ ቀለሙን ያነሳዋል።

ሲደርቅ ትርፉን በብርጭቆ ወረቀት እጠርግና በእጅ በማዞረው ፑንታ እሰረስራለሁ። መጠኑን እንዲህ እመርጣለሁ፦ ፑንታውን ከብሎኑ ፊት ለፊት ወደ ብርሃን አቀርባለሁ። የብሎኑ ግንድ ከፑንታው ጀርባ ተደብቆ ጥርሶቹ ብቻ ግራና ቀኝ ብቅ ካሉ ልክ ነው። ከዚህ ከቀጠነ ምሰሶው፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበት የፕላስቲክ ዘንግ፣ ይሰነጠቃል፣ ከወፈረ ደግሞ የሚነከስ ነገር አይኖርም። መጀመሪያ ብሎኑን ግማሽ አስገብቼ አወጣዋለሁ፣ የተቆረጠውን ፍርፋሪ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። የመጨረሻዋ ሩብ ዙር ላይ ክብደት ሲሰማኝ ደስታዬ ወደር የለውም።

አሁን የያዝኩት ከባዱን ነው፦ ብሎኑ የገባበት ምሰሶ ራሱ ለሁለት የተሰነጠቀ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ካሴት። ስንጥቁ ውስጥ የቀጠነ ሙሊት አስገብቼ ዙሪያውን በቀጭን የመዳብ ሽቦ አስሬዋለሁ፣ በላዩም ደርቤበታለሁ። ሽቦው ካሴቱ ሲገጠም ቦርዱን እንዳይነካ ከወዲሁ ለክቻለሁ። ብሎን የማስገባበት ግን ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው፤ ውጤቱን እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ድሬም ሆነ ሐረር ያላችሁ፣ የማይሠራ ካሴት አትጣሉ። ለመሙያ የሚሆነው ቀፎው ነው፤ ቀለሙ ግራጫ ከሆነ ደግሞ በጣም እፈልገዋለሁ።