ናሙናው ሳይወሰድ ኤምአርአይ ይነሳ

የአባባ ፒኤስኤ፣ ማለትም የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤት፣ ከፍ ብሎ 14 ሆኖ ሲመጣ እዚሁ ጅማ ምርመራ ጀመርን። ካርድ፣ ወረፋ፣ አልትራሳውንድ፤ ይህ በሁለት ቀን አለቀ። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ከፕሮስቴታቸው በመርፌ ናሙና ይወሰድ ተባለ። «ኤምአርአይ አይቀድምም ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «አሠራሩ እንዲህ ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። አባባ 12 ቦታ ተወጉ። ካንሰር አልተገኘም፤ ፒኤስኤው ግን አልወርድ አለ። ያኔ ኤምአርአይ ተጻፈልን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባባን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሽንት ስለሚያጣድፋቸው ሾፌሩን ሶኮሩ ላይ ለመንኩት፣ ጊቤ ላይ ለመንኩት፣ ወልቂጤም ላይ ለመንኩት። ማሽኑ ውስጥ 40 ደቂቃ ተኙ። ውጤቱ ምን አለ? «ከናሙናው የቀረ ደም ምስሉን ጋርዶታል፤ ይደገም።»

መርፌው የሚያደማው ቦታ ቶሎ አይጠራም። ደሙ ምስሉ ላይ ካንሰር ሊመስል፣ ካንሰሩንም ሊሸፍን ይችላል። ቢያንስ 6 ሳምንት መቆየት ነበረብን። ቀጠሮ የሰጠን ሰው ግን «ናሙና መቼ ተወሰደ?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም። አንዲት ጥያቄ! ገንዘቡ ይቅር፤ የአባባ ድካም ነው የሚያበሳጨኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ሄድን። የአንጀት አየር ምስሉን ስለሚያዛባው አስቀድመው ሽንት ቤት ገቡ። ኮንትራስት የሚባለው፣ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ወጡ። አጭር መሆኑ አስፈርቶኝ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመው ፕራይም የተባለው ጥናት ግን 490 ወንዶችን በሁለቱም መንገድ አይቷል። አደገኛው ካንሰር ያለ ኮንትራስት በ29.2 በመቶው፣ በኮንትራስት በ29.6 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ይህ የሚሠራው ምስሉ ጥራት ሲኖረው ነው፤ የደበዘዘ ምስል በፍጥነት ቢነሳ ምን ይረባል?

«ወረቀቱ ይበቃል» ሲሉኝም እምቢ አልኩ፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ካልሰጣችሁኝ አልሄድም ብዬ ቆምኩ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጅማ ስንመለስ ሌላ ሐኪም ምስሉን ራሳቸው ከፍተው አዩት። እሳቸውም፣ መጀመሪያ ምስሉን ያነበበው ሐኪምም አንዲት ቦታ ላይ ተስማሙ፤ ፒራድስ በሚባለው የካንሰር ጥርጣሬ መለኪያ ከ5ቱ 4። ናሙናው ከዚያች ቦታ ሲወሰድ ካንሰሩ ተገኘ።

አባባ አሁን ሕክምና ላይ ናቸው። ሲዲው እኔ ጋ አለ።