ፕሮሰሰሬን ሥዕል ሲሥል ያዝኩት

ዴስክቶፔ አሮጌ ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ ላዩ ላይ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ። ለኔ ሥራ ይበቃል። ባለፈው ክረምት ግን ቪዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራ ጀመር። መስኮት ስጎትት ምስሉ እየተቆራረጠ ነው የሚከተለኝ። ሪዞሉሽኑም 1024 በ768 ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሞኒተሩ አርጅቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ጥሩ ፍንጭ ነበር፤ አባከንኩት።

ተርሚናል ከፍቼ ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው የሚዘረዝረውን ቶፕን ሳስነሳ፣ ምንም ቪዲዮ ሳይከፈት የኡቡንቱን ዴስክቶፕና መስኮቶች የሚያሳየው ኖም-ሼል ዝርዝሩ አናት ላይ ተቀምጦ ፕሮሰሰሩን ይግጠዋል። መስኮት መሣል የግራፊክስ ቺፑ ሥራ ነው። ታዲያ ቺፑ የት ሄዶ ነው?

ሜሳ የሊኑክስ የግራፊክስ ሶፍትዌር ነው፤ ሜሳ-ዩቲልስ የሚባለውን የመመርመሪያ ጥቅል ጫንኩና ስለ ሥዕሉ አሠራር የሚናገረውን ጂኤልኤክስኢንፎን ጻፍኩ። የሚዘረግፈው ጽሑፍ ማለቂያ የለውም። ዓይኔ «ዳይሬክት ሬንደሪንግ፦ የስ» የሚለው ላይ አረፈና እፎይ ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ቀን የከሰርኩት እዚህ ጋ ነው። ያ «የስ» የሥዕሉ ትእዛዝ መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያወጣው ፕሮግራም፣ በኤክስ ሰርቨር በኩል ሳይዞር ይሄዳል ማለት ነው እንጂ ማን እንደሚሥል አይናገርም። ይባስ ብሎ ጂኤልኤክስጊርስ የሚባለውን የሙከራ ሥዕል ሳስነሳ ጥርሳሞቹ ጎማዎች በሰከንድ ከ500 ፍሬም በላይ ይሽከረከራሉ። ምን ጎደለኝ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጂኤልኤክስኢንፎ ከኋላው ሰረዝና ትልቁን ቢ ጨምሬ አስነሳሁት። ይኼኛው የሚያወጣው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። «አክሰለሬትድ፦ ኖ»። ከሥር፣ ሠዓሊው ማን እንደሆነ በሚጠራው ኦፕንጂኤል ሬንደረር ፊት ለፊት፣ የኢንቴል ስም ይገኛል ስል «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ይላል። ሜሳ ቺፕ ሲያጣ ሥዕሉን ሁሉ በፕሮሰሰሩ የሚያሠራበት መጠባበቂያ ነው። ፋኑ ያጓራው ወዶ አይደለም።

ቀጥሎ ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ካርዶችና ቺፖች ከነድራይቨራቸው የሚዘረዝረው ኤልኤስፒሲአይ ከሰረዝ ኬ ጋር። ቪጂኤ የሚለው መስመር ላይ ቺፑ አለ። ከሥሩ «ከርነል ሞጁልስ፦ አይ915» ይላል፣ የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ማለት ነው፤ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩስ» የሚለው መስመር ግን ጭራሽ የለም። ድራይቨሩ ቤት ውስጥ አለ፣ ሥራ ግን አልገባም። ማን ከለከለው?

ፕሮክ የሚባለው ማውጫ ውስጥ ያለውን፣ ማሽኑ ሲነሳ ለሊኑክስ የሚሰጡትን ቃላት የያዘውን ሲኤምዲላይን በካት ሳነበው መልሱ አፍጥጦ ጠበቀኝ፦ «ኖሞድሴት»፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ስክሪኑን እንዳይረከብ የሚከለክል ቃል። ያስገባሁት እኔው ነኝ። ድሮ የተሰካ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑን እያጠቆረ ሲያስቸግረኝ ሰው የነገረኝን ግረብ ላይ (ማሽኑ ሲነሳ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለጥፌ ነበር። ካርዱ ተቃጥሎ ወጣ፣ ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ፣ ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። አሁን ቃል ስጨምር ቀኑንና ምክንያቱን እዚያው ፋይል ላይ ከሥሩ እጽፋለሁ።

ኢቲሲ ሥር ዲፎልት ውስጥ ያለውን የግረብ ፋይል ከፍቼ ቃሉን ሰረዝኩ፣ በሱዶ አፕዴት-ግረብ አልኩና ሪስታርት። ሪዞሉሽኑ ገና ሲነሳ ተስተካከለ። ሬንደረሩም «ሜሳ ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 4600» አለ። የሚያስቀው ጂኤልኤክስጊርስ ነው፦ ከ500 ወደ 60 ወረደ። ቺፑ ከስክሪኑ እድሳት ጋር እኩል ስለሚራመድ ነው እንጂ ደክሞ አይደለም። ያን ቁጥር ለፍጥነት መለኪያ የሚያመጣልኝ ሰው ካለ አልሰማውም።

መስኮቶቹ አሁን ቅቤ ሆነዋል። ዩቲዩብ ግን አሁንም ፕሮሰሰሩን ሲያስጨንቅ አየሁ። ቪዲዮ መፍታት ለካ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚጠየቀውም ቺፑ የትኛውን የቪዲዮ ዓይነት መፍታት እንደሚችል የሚዘረዝረው ቪኤኢንፎ ነው። ሳስነሳው ኤች264 የሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነት ተዘርዝሯል፣ ዩቲዩብ የሚልክልኝ ሌላው ዓይነት፣ ቪፒ9 ግን የለም። የዚህ ትውልድ ቺፕ አያውቀውም። ብራውዘሩ ላይ ኤች264 ብቻ የሚያስልክ ኤክስቴንሽን ጫንኩ። ፋኑ አንዳንዴ አሁንም ይነሳል፤ ያኛው ግን አቧራ ነው።